ከበር የመለስኩት ወዳጃ

ሰዎቹን ከበር መመለሴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለምን እንደመለስኳቸው ግን ለሚስቴም፣ ለሼኹም፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ የምናገረውም እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ከሚሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከዓመታት በፊት ከተማችን ውስጥ ተኩስ በተሰማበት ሰሞን፣ እኔ ቤት የምትኖረው ታናሽ እህቴ ሉባባ ክፉኛ ደነገጠች። ተኩሱ ቆመ፤ የእሷ ድንጋጤ ግን አልቆመም። እንቅልፍ አጣች፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ትበረግጋለች፤ የጣደችውን ትረሳለች። እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር። ሰው ሲጨነቅ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን በደም ተጉዞ አንጎል ይደርስና ሴሎቹ ውስጥ ከሚጠብቁት ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። አንደኛው ዓይነት ፕሮቲን ጥቂቱንም ቶሎ ይይዛል። ሁለተኛው በብዛት የሚይዘው ሆርሞኑ ሲበረክት ነው፤ «በቃ፣ ይቁም» የሚለውን ትእዛዝ የሚያስተላልፈውም እሱ ነው። ጭንቀት ሲከርም ግን ትእዛዙ ሰሚ ያጣል። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፤ ዛሬም አንዲት መስመር አልሰርዝም።

ሉባባ ግን ስለ ፕሮቲን አልጠየቀችኝም። «አያ፣ ወዳጃ ይጠራልኝ። ሰው ተሰብስቦ ዱዓ ሲያደርግልኝ ልስማ» አለችኝ። እናታችን ጎረቤቱን ጠራች፤ ከጨፋ ሮቢት ድረስ ዘመድ መጣ። እኔስ ምን አደረግሁ? በር ላይ ቆሜ መለስኳቸው። «ሕመሟ የሆርሞን ነው፤ ሆርሞን በዱዓ አይላቀቅም!» አልኩ፣ እሷ ከውስጥ እየሰማች። ሽማግሌዎቹ «ያ ረቢ!» እያሉ ሄዱ። ዱዓ የማይመልሰው ሕመም ተብሎ ተወራና ከዚያ ወዲህ እህቴ ለሰፈሩ «ጭንቅላቷን የታመመችው» ሆነች። በሯን ዘጋች፤ ሊጠይቃት የሚደፍርም ጠፋ።

«ትምህርት አበላሸው» የምትሉ ካላችሁ ተዉኝ! ትምህርቴ አልዋሸኝም። ሰው የሚወዱት ሰዎች ሲከቡት ያ ሆርሞን ሊበርድ እንደሚችል ያስተማረኝም እሱ ነው። አውቄ ነው የመለስኳቸው። ባልደረቦቼ «የባዮሎጂው መምህር ቤት ወዳጃ ተቀመጡ» ብለው እንዳይስቁብኝ ነው የመለስኳቸው። ሸይጣንን አልከስም። እኔ ነኝ! በኋላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ መድኃኒቱም እንቅልፏን መለሰላት። ታዲያ ይህ የኔን ሥራ ይሽረዋል? አይሽረውም።

እናንተ ይቅር ብትሉኝም አልቀበልም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። ባለፈው ኢድ እህቴ ፊት ተንበርክኬ «አውፍ በይኝ» አልኳት።

«እነዚያን ሰዎች መልሳቸውና አውፍ እልሃለሁ» አለችኝ።

ከሽማግሌዎቹ የሚበዙት ሞተዋል። እሷም ታውቃለች።