የይሁኔ ክርን

እዚህ ሞጣ፣ ከአጥሬ ጀርባ ልጆች ስፖርት ቤት ከፍተዋል። እነሱ ጂም ይሉታል። ግድግዳው ቆርቆሮ ስለሆነ ጠዋት ደጅ ስቀመጥ ብረቱ ሲንኳኳም፣ ልጆቹ ሲያቃስቱም ይሰማኛል። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሽማግሌ ሰው ጉርብትና ይወዳል። አንድ ቀን ግን አሰልጣኙ፣ “ክርንህን ድርቅ አታድርገው፤ ትንሽ ላላ አድርገህ ያዘው። ለመዞርም ወገብህን አትጠምዝዝ፣ እግርህን አዙር” ሲል ሰማሁ። ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው፤ መንገደኛው ሁሉ ይሰማዋል። የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ሻዩ እዚያው በረደ።

እኔ ያንኑ ነገር የሰማሁት ቢቸና ነው፤ ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ፣ ያውም በሹክሹክታ።

ያኔ እህል መጋዘን ጤፍ እጭን ነበር። አውድማ ተነስቶ ጥር ሲገባ መኪናው በአቧራ ተሸፍኖ ይመጣል፤ እኛም ገለባው አንገታችን ላይ ተጣብቆ፣ ስናሳክክ እንውላለን። የጫኞቹ አለቃ አያ ጥሩነህ ይባሉ ነበር። እግራቸው እንደ ቆቅ የቀጠነ፣ ቁመታቸውም ይኸው እስከ ትከሻዬ ነው፤ ኩንታል ሲሸከሙ ግን ጥጥ የያዙ ይመስላል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከጆንያው ጀርባ ጠሩኝና አሳዩኝ። እግርን ከፈት፣ ጉልበትን እጥፍ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ ሸክሙን ደረት ላይ ማስጠጋት፤ ከዚያ በጭን መነሳት። ጉልበትም ክርንም ሲዘረጋ ትንሽ እጥፋት ይተውለታል እንጂ እንደ በር መቀርቀሪያ አይቆለፍም። ሲጨርሱ፣ “ለማንም እንዳትነግር፣ ይረክስብሃል” አሉኝ።

በእኛ አገር የመድኃኒት ሥር የሚያውቅ ሰው የሚነግረው ለአንድ ልጁ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ካወቀው መድኃኒቱ አይሠራም ይባላል። እኔም ይህን እንደ ሥር ያዝኩት።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እኛ ጎረምሶች ከመጋዘኑ ጀርባ ብረት እናነሳ ነበር። ብረቱ ከወደቀ የጭነት መኪና የወጣ ዘንግ ነው፤ በሁለቱ ጫፍ ሲሚንቶ የሞላ የዘይት ቆርቆሮ ሰክተንበታል። ከራሴ በላይ አንስቼ ቆሜ የምቆጥረው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጓደኛዬ ይሁኔ ከእኔ ይልቅ ሰፊ ትከሻ ነበረው፤ አባቱ ሞቶበት ለእናቱና ለሁለት እህቶቹ የሚያርሰው እሱ ነው። እንደዚያም ሆኖ ብረቱ ደረቱ ላይ እየደረሰ ይመለስበታል። ልጆቹ “አንተ በሬው ይሻልሃል” እያሉ ይስቁበት ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ለብቻዬ ይዞኝ፣ በእናቱ ስም ለምኖ፣ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ።

“በሶ ነው” አልኩት። “ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ።”

አመነኝ። ያን ወር ሙሉ በሶ ሲበጠብጥ ከረመ። እናቱ ገብሱን ጨረስከው ብለው እንደተቆጡት ራሱ እየሳቀ ነገረኝ።

በሚቀጥለው ወር፣ ከጾሙ በፊት ባለው እሁድ፣ ብረቱን አነሳው። ከራሱ በላይ አወጣው። ልጆቹ ብረቱን አዩ። እኔ ግን ክርኑን አየሁ፤ ሁለቱም ድርቅ ብለው ተቆልፈዋል፣ ጀርባው ወደ ኋላ ተለጥጧል። ፊቱን ወደ እኔ ለማዞር ወገቡን ጠመዘዘ፤ ማንሳቱን እንድመለከትለት ነው። “ላላ አድርገው” ለማለት ጊዜ ነበረኝ። አላልኩትም። የአያ ጥሩነህን ቃል ጠብቄ ነው ብል እዋሻለሁ። እንዳይበልጠኝ ነው።

ዘንጉ ወደ ኋላ ሄደ። የቀኝ ክርኑ እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ።

ወጌሻ በቅቤ አሽቶ፣ በሸንበቆ አስሮ ብዙ ለፋበት። ክርኑ ታጥፎ ቀረ፤ አይዘረጋም፣ እጁም አይጨብጥም። ሰኔ ሲመጣ የማረሻውን እርፍ መያዝ አቃተው። መሬቱን እኩል ለሚያካፍል አራሽ ሰጡት፤ የቤቱ እህል በግማሽ ወረደ፣ ትንሿ እህቱ ሰው ቤት ልትሠራ ወጣች። ሰፈሩ ዓይን በላው አለ። እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ፣ “አቅም አነሰኝ” ነው የሚለው። እኔ እዚያ መቀመጥ አቅቶኝ ሞጣ መጣሁ፤ እዚህም ሸክም ተሸክሜ ልጆች አሳደግኩ። ይኸው መገጣጠሚያዎቼ ሁሉ ደህና ናቸው።

አምና ለዘመድ ተዝካር ቢቸና ሄጄ ይሁኔ ቤት ገባሁ። ደጅ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ባቄላ ይፈለፍላል። እየተንተባተብኩ ሁሉን ነገርኩት። የያዘውን ባቄላ አስቀምጦ፣

“በሶውም ውሸት ነበር?” አለኝ።

“ውሸት ነበር።”

ፈገግ ያለ መሰለኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፤ “እናቴ ስትሞት፣ አቅም አንሶኝ ነው ይቅር በይኝ ብያታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ደካማ ነኝ ብዬ ኖርኩ፤ ለምጄው ነበር። አሁን መጥተህ ደካማ አልነበርክም ትለኛለህ። ይኼን ተቀብዬ ምን ላድርገው?”

ይቅር በለኝ አልኩት። “እግዜር ይቅር ይበልህ” አለና ወደ ባቄላው ተመለሰ። ስነሳ አልሸኘኝም። በእኛ አገር ጠላትም ቢሆን እስከ በር ይሸኛል።

ከዚያ ወዲህ በመንገደኛ ሰላምታ እልካለሁ፤ መልስ አይመጣም። አይፈረድበትም። እኔ ስለነገርኩት ቀለለኝ ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም፤ እሱም ላይ ሌላ ሸክም ጨመርኩበት።

ትናንት አሰልጣኙ አጥሬ ድረስ መጥቶ፣ “አባባ፣ ጩኸታችን ይረብሽዎታል እንዴ?” ሲል ጠየቀኝ። ትሑት ልጅ ነው።

“አይ ልጄ” አልኩት፤ “ጮክ ብለህ ንገራቸው።”

ከዚያ ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።