አይሸትም የተባለው ሚስክ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ሳላሕዲን ረስቶት ነበር። ዙሀይራ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ቂሟን ክዳኑን አጥብቃ አስቀምጣ ቀኑን ትጠብቅ ነበር።

ዙሀይራ ጎባ ገበያ ውስጥ አንዲት ሸራ ወጥራ ሽቶ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት ሆኗታል። ስሟን ያስጠራው ነጭ ሚስክ የሚባለው የዘይት ሽቶ ነው፤ ለስላሳ፣ የጽጌረዳና የሕፃን ፓውደር ጠረን ያለው፣ ከቆዳ የማይርቅ። የከተማው ሴቶች የወደዱትም ለዚሁ ነው። መንገድ ላይ ማንም አይሰማውም፤ ቤት ገብተው ሻሻቸውን ሲያወልቁ ግን ባል ያውቀዋል። «ጨዋው ሽቶ» ይሉታል።

ከማዶ የሳላሕዲን ባለ መስታወት ሱቅ አለ። የእሱ ሽቶ የሚረጭ ነው። የተረጨበት ሰው ሮቤ ላይ ሚኒባስ ሲሳፈር ጎባ ያለው ያነጥሳል።

አምና ታኅሣሥ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ሳይነሳ፣ ይህ የመዓዛ ባላባት ሊያስቅባት መጣ። ብልቃጥ ከፍቶ የበረደ እጁ ላይ ጠብ አደረገና አሽትቶ ጮኸ፦

«ጀመዓ! ይህቺ ሴት የቶጎናን ወንዝ እየቀዳች ነው የምትሸጥላችሁ!»

ገበያው ሳቀ። የዘይት ሽቶ በውርጭ እንደሚተኛ፣ ሙቀት ካላገኘ እንደማይነቃ ለማን ትንገር? የሚስቅ ሕዝብ ማስረጃ አይሰማም። ደንበኛ ቀረ። ሙሽሮች እንኳ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዞሩ። ዙሀይራ ሸራዋን ለማጠፍ አንድ ሐሙስ ቀራት።

ዘንድሮ ታኅሣሥ በመጣ በመጀመሪያው ውርጭ ተጣራች።

«ሳላሕዲን! ውሃዬ ዘንድሮም አለ። አትቀምስም?»

«አንቺ ሴት፣ አልተውሽውም እንዴ?»

«እንካ፣ ራስህ ቀባ። አትሰስት፤ ውሃ አይደል?»

ሰው ሲከበው ደስ ይለዋል። የሱፍ ሻርፑን ፈታና ግማሹን ብልቃጥ በአንገቱ ዙሪያ፣ በኮሌታው ላይ አፈሰሰው፤ ሻርፑንም መልሶ ጠመጠመበት። «ወላሂ፣ ምንም!» አለ። በሚረጨው ሽቶ የደነዘዘ አፍንጫው መቼም ቢሆን አይሰማውም።

«በል እንግዲህ፣ ቤትህ ገብተህ እሳት ሙቅ» አለችው ዙሀይራ።

ሚስቱ ቢፍቱ የሲናና ገበሬ ልጅ ናት፤ ስንዴ በጥርሷ ሰብራ እርጥበቱን የምትናገር። ለምሳ ገብቶ ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ተቀመጠ፣ ሻርፑን አላላ። ሚስኩ ነቃ። ቢፍቱ ወጡን ይዛ ስታልፍ ቆመች።

«ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ?»

«ምኑ?»

«የሴት አንገት ካንተ አንገት ላይ ምን ይሠራል? ይሄ ሽቶ ተቃቅፈው ካልሆነ አይጋባም!»

«ራሴ ነኝ የቀባሁት! የዙሀይራ ነው!»

«የዙሀይራማ ውሃ ነው ብለህ ስትምል አልነበር?»

ሻርፑን ከአንገቱ መንጭቃ ወደ ገበያ ወረደች። እሱ ከኋላ። ሰው ደግሞ ከእሱ ኋላ።

«ዙሀይራ፣ በአላህ ንገሪኝ፣ ይሄ ሰውዬ ከማን ጉያ ነው የመጣው?»

በአንድ ቃል ልታድነው ትችል ነበር። ብልቃጦቿን ደረደረች።

«እኔ እንጃ ቢፍቱዬ። እኔ ውሃ ሻጭ ነኝ። ውሃ ደግሞ አይሸትም። የሻርፑን ባለቤት ጠይቂ።»

«የሷ ሚስክ ነው» አለ ሳላሕዲን በሹክሹክታ።

«አልተሰማም» አለች ዙሀይራ። «አምና እኮ ድምፅህ መናኸሪያ ይደርስ ነበር።»

ሳላሕዲን ዙሪያውን አየ። ሚስቱ ሻርፑን እንደ ሰንደቅ አንሥታ ትጠብቃለች።

«የዙሀይራ ሚስክ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ይሸታል! አምና ዋሽቻለሁ! ጠዋት በገዛ እጄ ነው የቀባሁት!»

ገበያው አምና የሳቀውን እጥፍ አድርጎ ሳቀ። ቢፍቱ ሻርፑን ደግማ አሸተተች፤ ፊቷ ረገብ አለ።

«ለኔም አንድ ስጪኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ በሸራው ሥር መቆሚያ ጠፋ። ሳላሕዲን ሰው እስኪቀንስ ጠብቆ ተጠጋ።

«ዙሀይራ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅርታ።»

«ጠረኑ ከሻርፕህ ሲለቅ ና» አለችው።

ሚስክ ከሱፍ እንደማይለቅ ሃያ ዓመት ሙሉ ለደንበኞቿ ስትምል ኖራለች።