ሳይከፈት የቀረው ሻንጣ

መጽሐፉ እንዲህ ቀጭን ይሆናል ብዬ በፍጹም አልጠበቅኩም ነበር። ባሕር ዳር ላይ አሮጌ መጻሕፍት መንገድ ዳር ከሚዘረጋ ሰው ፊት ጎንበስ ብዬ ሳነሳው ሽታው ቀደመኝ፤ እርጥበት የጠጣ ወረቀት ሽታ፣ ልክ እንደ ድሮው የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት። ጀርባውን አነበብኩ። ፊልም ሊቀርጹ ከአገር አገር የሚዞሩ ሰዎች፣ በቀረጻው መሀል የተገደለች ተዋናይት፣ ገዳይዋን የሚያሳድድ መርማሪ። አጋነነች አትበሉኝና እዚያው የሻጩ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ይህን ታሪክ አንድ የትምህርት ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ መጽሐፉን በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ያኔ ፍኖተ ሰላም አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ከገጠር የመጣን ሁለት ሴት ልጆች አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ጓደኛዬ ቡሬ አቅራቢያ ካለ የአዊ ቤተሰብ የመጣች፣ ሳቋን መያዝ የማትችል ልጅ ነበረች። መጽሐፉ ከቤተ መጻሕፍት ስለማይወጣ እዚያው ታነብና ከሰዓት በኋላ ቦኖው ጋ ውኃ ስንጠብቅ ትተርክልኛለች። ጀሪካኖቹ በፀሐይ ግለው፣ ቧንቧው እየተንጠባጠበ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰልፉ ሁሉ ሰሚ ሆነ።

ፊልም እንዴት እንደሚቀረጽ ያስረዳችን እሷ ናት። "እየደጋገሙ ነው የሚሠሩት፤ ሞታ ትነሳና እንደገና ትሞታለች።"

ከፊታችን የነበሩ አንዲት እናት ነገሩ አልዋጥ አላቸው። "ታዲያ የአሁኑ ሞት የእውነት መሆኑን በምን አወቁ?"

"አልነሳ ስትላቸው ነዋ፣ እሜቴ!"

መርማሪው አቴንስ ሄደ፣ ቦምቤይ ሄደ፣ ናይሮቢ ሄደ። ሮም ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ በበሬ ተጎተተ። ሲናደድ በአዊኛ ይሳደብ ነበር። "እሱ ደግሞ አዊኛ ከየት አወቀ?" ብላት፣ "ብዙ ቋንቋ የተማረ ሰው ነው" ብላ አፌን አስያዘችኝ። እኔ የዋህ አመንኩ።

በዚያ ዓመት እናቴ አርፋ ነበር። ታናናሾቼን የሚይዝ ሰው ስለጠፋ አባቴ ትምህርቱን እንድተወው ፈለጉ። ዓርብ ዓርብ ለስንቅ ወደ ቤት በሄድኩ ቁጥር ያነሱብኛል፤ እውነቱን ለመናገር የእኔም ግማሽ ልብ እዚያው ነበር። ይህን ለጓደኛዬ በነገርኳት ሰሞን ነው መርማሪው የሟቿን ሻንጣ ያገኘው።

"ከፈተው?" አልኳት ዓርብ ዕለት ስንለያይ።

"ከፈተው።"

"ምን አለበት?"

"እሁድ ስትመለሽ እነግርሻለሁ።"

"ባልመለስስ?"

"እንግዲያ ሳታውቂው ትቀሪያለሽ።"

እሁድ አባቴ ጨክነው "በቃ፣ ቅሪ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ወንዝ ወርጄ የታናሼን ልብስ ሳጥብ ግን ያ ሻንጣ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። "ዕቃዬን ይዤ ልምጣ" ብዬ ዋሸሁና የሦስት ሰዓቱን መንገድ በእግሬ ተመለስኩ። በሩ ላይ ስደርስ ሰላምታም አላስቀደምኩ።

"ምን ነበረበት?"

"ሌላ ትንሽ ሻንጣ" አለች። "እሱ ደግሞ ተቆልፏል።"

ሳምንት ጠብቀው አባቴ ሊወስዱኝ መጡ። ቦኖው ጋ አገኙን። ጓደኛዬ ትረካው መሀል ላይ ስለነበረች ዱላቸውን ተደግፈው ከሰልፉ ኋላ ቆሙ። መርማሪው ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘል ስታቋርጥ ከሁሉም ቀድመው "ከዚያስ?" ያሉት እሳቸው ናቸው።

"የቀረው ለነገ ነው፣ አባባ" አለቻቸው።

 አባቴ ወደ እኔ ዞረው "ፈተናው መቼ ነው ያልሽኝ?" አሉ። ቤቱንና ታናናሾቼን እንድትይዝ አክስቴን ለመኗት።

ለፈተናው ሁለት ቀን ሲቀር ገዳዩን ሰማን፤ ካሜራ ያዡ ነበር። ትንሹ ሻንጣ በዚያ ግርግር ተረሳ። እኔ አለፍኩ፣ ቆይቶም አስተማሪ ሆንኩ። እሷ አላለፈችም፤ ወደ ቡሬ ተመለሰች።

መጽሐፉን በሁለት ቀን ጨረስኩት። ሁሉም ነገር ሮምና ካይሮ ላይ ያልቃል። ገዳዩ ካሜራ ያዡ ነው። አቴንስ የለ፣ ጭቃ የለ፣ በሬ የለ። ሻንጣ የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም። እዚያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ የራሷን ደብተር በማጥናት ፈንታ ከካርታው ላይ ለእኔ ከተማ ስትፈልግ እንደከረመች ያን ጊዜ ገባኝ።

ደወልኩላት። ከኋላዋ የልጆቿ ጫጫታ ይሰማል።

"መጽሐፉን አገኘሁት።"

 ያ ሳቋ መጣ። "እኔማ በሁለት ሳምንት ጨርሼው ነበር" አለችኝ። "አንች ግን ገና አልጨረስሽም ነበር።"

አመሰገንኳት። እንባዬ ስለቀደመኝ በወጉ አልወጣልኝም እንጂ አመሰገንኳት። "ወዲያ በይ እቴ!" አለችኝ። ስልኩን ልንዘጋ ስንል ትዝ አለኝ።

"ትንሹ ሻንጣስ? ሳይከፈት እኮ ነው የቀረው። ምን ነበረበት?"

"እሁድ ስትመጭ እነግርሻለሁ።"