አንቴና፣ ታንከሩና ገምጋሚዋ

ቁመቱ ቀጥ ያለ፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣ ሲያዳምጥ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ወገን ዘንበል የሚያደርግ ሰው ስለሆነ በሕንፃው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ሁሉም «አንቴና» ነው የሚለው። ሙያውም ቅጽል ስሙን አላሳፈረውም። ገመድ አልባ መገናኛ ተምሮ፣ ጥቂት ዓመት ተቀጥሮ ሠርቶ፣ «የራሴን ካልፈጠርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብሎ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ እሱ ድብን ብሎ ይተኛል፤ እንቅልፍ ያጣችው ሚስቱ ናት። ፋርማሲ ውስጥ እየሠራች ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ነች። የምግብ ጠረጴዛው የብየዳ ጠረጴዛ ስለሆነም ሰሃን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መብላት ለምዳለች።

ከዚያ ሁሉ ብየዳ የወጣችው የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል አንዲት ዕቃ ናት። ጣሪያው ላይ ባለው የጋራ የውሃ ታንከር ውስጥ ተንጠልጥላ ውሃውን ትለካለች፤ ሩቡ ሲቀር ያለ ምንም ገመድ የነዋሪውን ሁሉ ስልክ ታስጮኻለች። መንግሥት ለገመድ አልባ ቴክኖሎጂ ምርምርና ምርቱን ገበያ ለማውጣት ድጋፍ ይሰጣል ሲባል ሰማና አንቴና ማመልከቻውን ጻፈ። በተለይ አንዷ ዓረፍተ ነገር ልቡን ሞላችው፦ «ነዋሪው ማስጠንቀቂያው ሲደርሰው ውሃ ይቆጥባል፤ ነገሩም ሳይቃጠል በቅጠል ይሆናል።» ለሚስቱ ሲያነብላት ሳል ያዛት። ጉንፋን መሰለው።

እሷም ቁርጡን ነግራዋለች። ድጋፉ ከተገኘ ጠረጴዛው የእሱ ነው፤ ካልተገኘ ወንድሟ ሱቅ ገብቶ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ወንድሟ ደግሞ ደግ ሰው ነው። መከራውም ደግነቱ ነው፤ አንቴናን ባገኘው ቁጥር እየተንጠራራ ትከሻውን መታ መታ ያደርግና ሱቁ በጉጉት እየጠበቀው መሆኑን ይነግረዋል።

የድጋፉ ቢሮ ማመልከቻውን ወደደው፤ ዕቃዋን ሥራ ላይ የምታይ ገምጋሚ እልካለሁ አለ። አንቴና ቀኑን ለሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነገራቸው። እትዬ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ዛሬም ደረጃ ላይ የሚሮጥ ሰው ካዩ ከታች ጀምሮ በእርጋታ መልሰው ያስወጡታል። «አንተ አታስብ ልጄ፣ ሁሉንም ለእኔ ተወው» አሉት። አንቴናም እውነትም አላሰበም።

ገምጋሚዋ መጣች። ቁመቷ አጭር፣ ጥያቄዋም አጭር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ የክት ልብሱን ለብሶ ደረጃው ላይ ጠበቃት። እያንዳንዱ ስለ ዕቃዋ የሚናገረው ከእትዬ ሰብሳቢ ተሰጥቶታል፤ ችግሩ በተሰጠው ብቻ የተወሰነ አለመኖሩ ነው። ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ ኑሮው ከሥሩ እንደተለወጠ መሰከረ። ሹፌሩ ጎረቤት ደግሞ እንዳይበለጥ የወገብ ሕመሙ እንኳ እንደተሻለው ጨመረበት።

«በገመድ አልባ?» አለችው ገምጋሚዋ።

«በምንም አልባ» አላት ኮራ ብሎ።

ጣሪያው ላይ ወጥተው ክዳኑን ሲከፍቱ ታንከሩ ግጥም ብሎ ሞልቷል። አንቴና ክው አለ። እትዬ ሰብሳቢ ማለዳ የውሃ ቦቴ አስመጥተው አስሞልተውት ኖሯል። ውሃው ሞልቶ ሳለ ዕቃዋ ምን ብላ ትጩህ? እትዬን ገለል አድርጎ ቢጠይቃቸው፣ «እንግዳ ጠርተን ባዶ ታንከር እናሳይ?» ብለው ተቆጡት።

ገምጋሚዋ ሲጎድል ካላየሁ አየሁ ብዬ አልጽፍም አለች። የቀረው መንገድ ቧንቧውን ሁሉ ከፍቶ ውሃውን ማውረድ ነው። ነገር ግን ውሃ መጣች አልመጣችም እየተባለ በሚኖርበት ሕንፃ ማን ውሃ ይደፋል? ነዋሪው በከንቱ አንደፋም ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ የሚታጠብ ተፈለገ። ምንጣፍ ወረደ፣ መጋረጃ ወረደ፣ ትናንት የታጠበ ልብስ እንደገና ታጠበ፤ ሹፌሩ በተሻለው ወገቡ ጎንበስ ብሎ የገምጋሚዋን መኪና እስከ ጎማው ፈተገው። አንቴና ላብ በላብ ሆኖ ከፎቅ ፎቅ እየሮጠ እባካችሁ ትንሽ ቆሻሻ ፈልጉ እያለ ለመነ። እትዬም ለዛሬ ብቻ እንዲሮጥ ፈቀዱለት።

በመጨረሻ የሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። አንቴና ፊቱ በርቶ ወደ ገምጋሚዋ ዞረ፤ አፉን ከመክፈቱ ግን ምንጣፍ የሚያጥበው ምንጣፉን ጣለ፣ ሲያወድስ የነበረውም ውዳሴውን ከመሃል ቆርጦ ሮጠ። ሕንፃው በሙሉ ባልዲ፣ ሳፋና ጀሪካን ይዞ ወደ ቧንቧው ተመመ። እትዬ ሰብሳቢ ራሳቸው ሮጡ። ሚስቱ በሁለት እጇ ጀሪካን አንጠልጥላ አጠገቡ ስትደርስ ዞር በልልኝ ብላው አለፈች። ብዙም ሳይቆይ ታንከሩ ከላይ ረጅም ግሳት አሰማና ባዶ ቀረ።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። መልእክቱ በመጣ ቁጥር ነዋሪው ሳያልቅ ልቅዳ ብሎ ይሻማል፤ ውሃውም ድሮ ከሚያልቅበት ቀድሞ ያልቃል። መልእክት ሲመጣ አንቴና ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ የሚመዘግበው በምን ፍጥነት እንደደረሰ ነበር፤ ከደረሰ በኋላ የሚሆነውን ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። ቦቴውም የመጣው ይህ ጉድ እንግዳ ፊት እንዳይታይ ኖሯል።

«ታውቂ ነበር?» አላት ሚስቱን።

«ሕንፃው በሙሉ ያውቃል» አለችው ጀሪካኑን አስቀምጣ። «አንተ እንዲያ ደስ ብሎህ እያየን፣ ማን ጨክኖ ይንገርህ?»

«ነዋሪው ይቆጥባል ብለው ነበር የጻፉት» አለችው ገምጋሚዋ። የስልክ ሽፋኖቹ በዓይኑ ፊት ተደረደሩ። ዛሬ እንግዳ ስላለ ነው፣ ሌላ ቀን እንዲህ አይሆኑም ማለት ይችል ነበር። ግን እንደሱ ያለ አንገት ያለው ሰው ሲዋሽ የሚደበቅበት የለውም።

«ተሳስቻለሁ» አላት። «ዕቃዋን አውቃታለሁ። ጎረቤቶቼን ነው ያላወቅኋቸው።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ልብስ ሰፊው በቀኙ ተጠግቶ፣ መልእክቱ ለእሱ ከሌላው ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርሰው እንደሚከፍል አንሾካሾከለት። ሹፌሩ በግራው መጥቶ ያንኑ አለው። እትዬ ሰብሳቢ ደግሞ የገምጋሚዋን ክንድ ይዘው፣ እንደ ሥርዓቱ ከሆነ መልእክቱ መጀመሪያ ለሰብሳቢ መድረስ እንዳለበት ያስረዷት ጀመር። ገምጋሚዋ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ገበያውስ ሞልቶልዎታል» አለችው። «የጎደለዎት ምርምሩ ነው።»

ቢሮውም በቃሏ ጸና። ለገበያው የጠየቀው ተከለከለ፤ ለምርምሩ የጠየቀው ተፈቀደ። ማስጠንቀቂያው ለማን፣ መቼና እንዴት ቢደርስ ሰው እንደማይሻማ አጥንቶ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ሚስቱ ውሳኔውን ሰምታ ሽቦ የወረሰውን ጠረጴዛዋን አንዴ በናፍቆት አየችው። ከዚያ ስልኳን አነሳችና ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ሌላ ሰው ፈልግ ወንድሜ» አለችው። «ይኼኛውን መንግሥት ወሰደው።»