የሉሊት ትራክተር

መምህርት እታፈራሁ ከጎጃም ወደ ቆላማዋ ሽንፋ ተመድባ ስትመጣ ሙቀቱ ቢያስመርራትም ልጆቹን ለመልመድ ጊዜ አልፈጀባትም። አራተኛ ክፍል አማርኛ ታስተምራለች። መልስ መንገር አትወድም፤ ጠይቃ ጠይቃ ልጆቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት ታደርጋለች።

አንድ ቀን ራሷ የፈጠረችውን ተረት አወራቻቸው፤ በበጋ አሸዋ ውስጥ ስለተደበቀ ወንዝና ዳር ቆማ ስለምትጠብቀው ዛፍ።

«ዛፏ ዛፍ ብቻ ናት?» አለቻቸው።

«ጥላ ናት!» አለ አንዱ።

«ከምኑ አወቅህ? ከተረቱ አሳየኛ።»

ልጁ ራሱን አከከ።

«እናት ናት» አለች ከኋላ አንዲት ልጅ። «ወንዙ ሲሄድ እሷ አልሄደችማ!»

እታፈራሁ ደስ አላት። «በሉ አሁን ደግሞ እናንተ ጻፉ። የምታውቁትን ዕቃ ምረጡ፤ ዕቃው ግን ሌላ ነገር ይወክል።»

በማግስቱ ሉሊት ተነሥታ አነበበች። ሰሊጥ እርሻ መካከል አንድ ትራክተር ቆሟል። ጎማው ደህና ነው፣ ናፍጣም አለው፤ ድምፁ ግን ጠፍቷል። አንዲት ልጅ በየቀኑ እየመጣች አቧራውን ትጠርግለታለች።

«ትራክተሩ ምንን ይወክላል?»

«አባዬን።»

አባቷ ደምለው የአንድ ባለሀብት ትራክተር ነጂ ነበር። ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ከሸሕዲ ከተማ ሲመለስ ታጣቂዎች ከመኪና አውርደው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ በሕይወት አለም ሞተም የሚል ሰው አልተገኘም።

«መጨረሻውን አልጻፍኩትም» አለች ሉሊት። «ቲቸር፣ ይነሣል ወይስ አይነሣም?»

«አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አለቻት እታፈራሁ እንደ ልማዷ። ወዲያው አፈረች።

«እኔማ ስለማላውቅ ነው የጠየቅሁዎት።»

ከትምህርት በኋላ እታፈራሁ ቀበሌ ሄዳ ስለ ደምለው ጠየቀች። «እኛም እንደናንተው ከሰው ነው የምንሰማው» አሏት። ከዚያ ወደ ሉሊት እናት ወደ ፋናዬ ቤት አመራች። ፋናዬ ማሽላ እየለቀመች ነበር። የሆነውን ስትሰማ እጇን ከሰፌዱ ላይ አነሣች።

«ተነሣ ብላ እንድትጽፍ ያድርጉልኝ። እርስዎን ትሰማለች።»

«ባይመጣስ?»

«ታዲያ አይመጣም ብላ ትጻፍ ነው የሚሉኝ?»

«እሱንም አላልኩም።»

«እንግዲያስ ምን ላድርጋት?»

ፋናዬ ወደ ማሽላዋ ተመለሰች።

በነጋታው እታፈራሁ ለሉሊት መጨረሻ የሌለው ታሪክም ታሪክ መሆኑን ነገረቻት። ልጅቷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያን ቀን ወዲያ ግን ጻፉ ሲባል ስሟን ጽፋ እስክሪብቶውን ታስቀምጣለች። ለእታፈራሁ መቆጣቱም ማባበሉም አልሆንላት አለ። አጠገቧ ትደርስና ትመለሳለች።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ፋናዬ ልጇን ይዛ ሳንጃ ካለው ወንድሟ ዘንድ ለመኖር ተነሣች። እታፈራሁ እስከ ሚኒባሱ ሸኘቻቸው። ለልጅቷ የምትላትን መንገዱን ሙሉ ስትፈልግ ነበር። በመስኮቱ በኩል ጉንጯን ስማ «በርቺ» ብቻ አለቻት።

«እሺ ቲቸር» አለች ሉሊት።

ረዳቱ በሩን ዘጋው።