ወላሂ፣ በሂደት ላይ ነው

አባቴ ሳይመርቁኝ ከቤት ወጥቼ አላውቅም ነበር። ዳቦ ልገዛ ስላክ እንኳ በሩ ላይ ያስቆሙኝና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ሂጂ፣ መንገዱን አላህ ያቅናልሽ፣ ክፉ አይንካሽ» ይሉኛል፤ እኔም «አሚን» ብዬ እሮጣለሁ። አድጌ የሙዚቃና የቀልድ ቡድን ውስጥ ከገባሁ፣ በኪራይ ሚኒባስ ከከተማ ከተማ መዞር ከጀመርኩ በኋላም ምርቃቱ አልቀረብኝም። ሥራዬን ወደውት እንዳይመስላችሁ። «ደግሞ ዛሬ ማንን ልትሰድቡ ነው?» ይሉኛል፤ ከዚያ ይመርቁኛል።

እኛ ስድብ አንለውም፤ ሽሙጥ ነው። ኪቦርድና ማሲንቆ ይዘን በየአዳራሹ ባለሥልጣን ላይ እናሾፋለን። አንድ ጊዜ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር በተከራየናት ጠባብ ክፍል አዲስ ጨዋታ ስንለማመድ ለእኔ የቀበሌ ሊቀመንበርነት ደረሰኝ። ሰፊ ኮት፣ ኮፍያ፣ በኩል የተሳለ ጺም። ጓደኞቼ ሕዝብ ሆነው በዜማ ይጠይቁኛል፣ እኔም በዜማ እመልሳለሁ፦

«ቧንቧው የት ደረሰ?»
«በሂደት ላይ ነው!»
«ሂደቱስ የት ደርሷል?»
«ወላሂ፣ በሂደት ላይ ነው!»

ደሴ ላይ መጀመሪያ ያሳየንበት ቀን አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወይ ጉድ! እንደዚያ ተስቆልኝ አያውቅም።

ነገሩ ወዲህ ነው። አባቴ ድሮ የሰፈራችን ሊቀመንበር ነበሩ። ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ስላለ፣ ሰፈራችሁ የት ነው ስንባል «ከቧንቧ ውሃ ከፍ ብሎ፣ ቧንቧ የሌለበት» እያልን እንቀልድ ነበር። አባቴ ግን አይቀልዱም። ቧንቧ እንዲገባልን ብለው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ይውሉና ጫማቸው አቧራ ለብሶ ይመለሳሉ። ጀሪካን የያዙ ሴቶች በራችን ላይ ይጠብቋቸዋል። «ምን አሉዎት?» ይሏቸዋል። አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው ያደርጉና «ወላሂ፣ በሂደት ላይ ነው» ይላሉ። ቧንቧው የገባው እሳቸው ከለቀቁ በኋላ ነው፤ ሪባኑንም ሌላ ሰው ቆረጠው። እኔ መድረክ ላይ ኮፍያዬን አውልቄ መልሼ ሳደርግ ከየት እንዳመጣሁት የሰፈራችን ሰው በሙሉ ያውቃል።

ጎረቤት ደግሞ ወሬ ለማድረስ ማን ብሎት! በማግስቱ አባቴ ግቢያችን ካለው ቧንቧ ስር ውዱእ እያደረጉ ጠሩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

«በሂደቱ ቀልጂ፣ ግድ የለኝም» አሉኝ። «እኔም አንዳንዴ ብቻዬን ሆኜ እስቅበታለሁ። ወላሂው ግን... እኔ በወላሂ የዋሸሁ ይመስልሻል?»

«ቀልድ እኮ ነው አባ!»

«እሺ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ስወጣ የሚሉኝ «እሺ» ብቻ ሆነ። ቁልፍ የጠፋብኝ መስዬ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ቦርሳዬን እበረብራለሁ። «እሄዳለሁ አባ።» «እሺ።» እጃቸው አይዘረጋም። ለማን ይነገራል? ይሄን የምታህል ሴትዮ «አባቴ አልመረቁኝም» ብዬ ሰው ፊት ላልቅስ? ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ በወረድን ቁጥር ግን የወንበሩን ብረት ጨብጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

እንዲህ ባዶዬን እየወጣሁ እያለ አንድ እሁድ ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ተጫወትን። ታላቅ እህቴ ባለትዳር ናት፣ እዚያው ነው የምትኖረው። እሷ ሆዬ ለእኔ ትንፍሽ ሳትል አባቴን «ልጆቼ ናፍቀውዎታል» ብላ አስመጥታ አዳራሹ ውስጥ ከፊት ረድፍ አስቀምጣቸዋለች! ያየኋቸው መድረክ ከወጣሁ በኋላ ነው። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ትክ ብለው ያዩኛል። ላቤ የጺሜን ኩል ያወርደው ጀመር።

«ቧንቧው የት ደረሰ?»

«በሂደት ላይ ነው!» ሰው ሳቀ።

«ሂደቱስ የት ደርሷል?»

አልወጣኝም። ማሲንቆው ጠበቀኝ። ኪቦርዱ ዜማውን ደግሞ ዞረበት። ሰው «ጠፋባት!» እያለ ይስቃል፤ ወላሂ የምትለው ቃል ግን አልጠፋችብኝም። ጨዋታው የሚያልቀው በሊቀመንበሩ ዱዓ ነውና ወደዚያው ዘልዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ዱዓውም ቀልድ ነበር፤ «ስብሰባውን ያብዛልን፣ አበሉን አይንሳን» የሚል። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ሆነ።

«ለጎረቤቱ ውሃ ብሎ የሰው ደጅ ሲጠና የኖረውን ሰው አላህ ዕድሜውን ያርዝመው!»

ወሎ ውስጥ የተዘረጋ እጅ አይቶ ዝም የሚል የለም፤ ቀልድም ይሁን የምር፣ መልስ አለው። ግማሹ «አሚን»፣ ግማሹ «አሜን» አለ።

«የሚያውቀውን ተናግሮ፣ በማያውቀው ያልማለውን ሰው ልጆቹን ያኑርለት!»

«አሚን!»

ሳቁ ቆሞ ነበር። አባቴን አየኋቸው። ከዘራቸው መሬት ወድቋል፤ ሁለቱም እጃቸው ተዘርግቷል።

ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ደሴ በእኛው ሚኒባስ ይዘናቸው ወጣን። ከጎኔ ተቀመጡ።

«ጺምሽን ጥረጊ» አሉኝ ሐረጎን ስንጋመስ።

በሶፍት ጠረግኩ።

«ዘፈኑን ለምን አበላሸሽው? ሰው እኮ ሊስቅ ነው የመጣው።»

«ወላሂውን ማለት አቃተኝ፣ አባ።»

ዳገቱን ስንጨርስ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ።

«ነገ ወልዲያ ነን። ምርቃቴስ?»

ኮፍያቸውን አወለቁ፤ አገላብጠው አዩትና መልሰው አደረጉት።

«ወላሂ» አሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ «በሂደት ላይ ነው።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እዚያው ወንበሬ ላይ ሁለት እጄን ዘርግቼ «አሚን» አልኩ።