ከጨው ክምር ጀርባ የታቀደው የባቡር ጉዞ

ልጅ እያለሁ ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ሰቆጣ ውስጥ ያየ ሰውም በጣት የሚቆጠር ነው። ይሁንና በደርግ ጊዜ፣ ከትልቁ ድርቅ በኋላ በነበረ አንድ በጋ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሰዒድ ጣሊያን አገር ያሉ የተራራ ላይ ከተሞችን ቅዳሜና እሁድ በባቡር ዞረን ለማየት ስናቅድ ከረምን። ከሰቆጣ ተነስተን ጣሊያን እንዴት እንደምንደርስ አንድም ቀን አላነሳንም። እኛን የሚያስጨንቀን ከደረስን በኋላ የትኛዋን ከተማ አስቀድመን የትኛዋን እንደምናስከትል ነበር።

አባቴ የሲራራ ነጋዴ ነበሩ። አህያና በቅሎ እየጫኑ ከጓደኞቻቸው ጋር እስከ አበርገሌ ይወርዱና ከሰሜን የሚመጣውን አሞሌ ጨው ተቀብለው ይመለሳሉ። ቤታችን ከፊት ሱቅ ነው፣ ከኋላ ጨው የሚከመርበት ጓዳ። ጓዳው ውስጥ የጨው፣ የጆንያና የላምባ ሽታ አንድ ላይ ተደባልቆ ይቀበላችኋል፤ ዛሬም ላምባ ሲሸተኝ ምላሴ ላይ ጨው የሚመጣብኝ ለዚህ ይመስለኛል። በሱቁ በርበሬውም ሻይ ቅጠሉም በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር የሚሸጠው። በዚያ በጋ አባቴ ለመጠቅለያ የገዙት የወረቀት ጥቅል ከአስመራ የወጣ የቆየ የጣሊያን መጽሔት ሆኖ ተገኘ።

ሰዒድ በዚያን ጊዜ ተደብቆ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና እድሜው የደረሰን ልጅ የቀበሌ ሰዎች ከትምህርት ቤትም፣ ከገበያም፣ ከመንገድም ያፍሱ ስለነበር አባቴና እናቴ ከጨው ክምሩ ጀርባ ቦታ አበጅተው አስቀመጡት። ለውጭ ሰው ሰዒድ ደሴ አጎቱ ጋ ሄዷል እንላለን። የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩ ልጅ ከዓመት በፊት ከገበያ መሐል ታፍሶ ሄዶ ወሬው ጠፍቶ ነበርና፣ በእኛ ቤት የሚፈራው ምን እንደሆነ ለእኔ ለትንሿም የሚነግረኝ አላስፈለገኝም። ሰዒድ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ሲያስለው አፉን በጋቢው ያፍናል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓዳ ገብቼ አጫውተዋለሁ። ሥራዬ ያ ነበር።

አንድ ቀን ሻይ ቅጠል ልጠቀልልበት ከመጽሔቱ አንድ ገጽ ስገነጥል ሥዕሉ ደስ አለኝና ወስጄ ሰጠሁት። ድንጋይ በድንጋይ የሆኑ ቤቶች ተራራ ጫፍ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ መሐላቸው ረጅም የቤተ ክርስቲያን ግንብ አለ። ከግርጌ አንድ ባቡር ያልፋል። በሌላው ገጽ ደግሞ ሐዲዱ በቀይ መስመር የተሰመረበት ትንሽ ካርታ ነበር። ሰዒድ የፈረንጁን ፊደል ማንበብ ስለሚችል ስሞቹን አነበበልኝ፦ ኦርቪየቶ፣ ኮርቶና፣ አሲሲ፣ ፔሩጂያ። "እነዚህን ሁሉ ቅዳሜና እሁድ በባቡር ማየት ይቻላል ይላል" አለኝ። ያንብበው ይፍጠረው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናም ማቀድ ጀመርን። ሰዒድ ከተሞቹን በሰቆጣ ዙሪያ ካሉ አገሮች ጋር እያመሳሰለ ያስቀኝ ነበር። ኮርቶና ማለት ባቡር የገባላት ፃግብጂ ናት ይለኛል። አሲሲን ደግሞ አያት አያትና "ይቺማ ደሃና ናት፤ ሰዎቹ ልብስ ቀይረው ነው እንጂ" አለ። እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝና ባቡሩ የት ውሃ እንደሚጠጣ፣ መኖውን ማን እንደሚይዝ፣ ቀትር ላይ የት እንደሚያራግፍ እጠይቀዋለሁ። እሱም ሳይስቅ "በየጣቢያው ገንዳ አለ" እያለ ይመልስልኛል። መስኮት ጋ የምቀመጠው እኔ እንድሆን ተስማማን። በዚህ ጉዳይ አንድ ሁለት ጊዜ ተኳርፈናል።

አባቴ ጨው ሊያወጡ ሲገቡ ሰሙን። ዝም ብለው የሚያልፉ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ክምሩ ላይ ተቀመጡ።

"በሁለት ቀን አራት ከተማ? ይህን ማን ነው ያወጣው?" አሉ።

"ባቡር እኮ ነው አባ፣ ከበቅሎ ይፈጥናል" አላቸው ሰዒድ።

"ቢፈጥንስ? የተቀመጠበት ሰው አያርፍም? ሁለቱ ይበቃችኋል።" ገጹን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። "ማደሪያችሁ ማን ቤት ነው?"

"ሆቴል አለ ይላል።"

"ሆቴል ዘመዳችሁ ነው? የሚያውቃችሁ ሰው ቤት እደሩ። የሚያውቃችሁ ባይኖር እኔን የሚያውቅ ፈልጉ።"

ቀጥለው ውሃው ከማደሪያው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ አብሮ የሚሄደው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ገበያቸው መቼ እንደሆነም ጠየቁ። "እንግዳ ሰው ከአገር የሚወጣውም አገር የሚገባውም በገበያ ቀን ነው፤ ያን ቀን ማንም ማንንም ልብ አይልም" አሉን። ሰዒድ ቀና ብሎ አያቸውና "ቅዳሜ ይመስለኛል አባ" አለ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እየገቡ ከእኛ ጋር ያቅዱ ጀመር። አባቴ ከልጅ ጋር የሚጫወቱ ሰው አልነበሩምና ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ትምህርት ቤት ሆኜ ሳይቀር ዛሬ ስለ የትኛው ነገር እንደሚጠይቁን አስብ ነበር።

ስንቁ ላይ ደግሞ እናቴ ገባችበት። የጣሊያን አገር ሰው የሚያርደውን ሥጋ እኛ እንደማንበላ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ስንቃችን ሥጋ የሌለበት መሆን አለበት። እትዬ ጥሩ የቄስ ሚስት ናቸው፤ በራችንን ሳያንኳኩ ከሚገቡት ከሁለት ከሦስት ሰዎች አንዷ ስለነበሩ የሰዒድን ነገር ያውቃሉ። ነገሩን ስነግራቸው "እንግዲያው እንደኛ ጾም መያዛችሁ ነው፣ የጾም ስንቅ ከሆነ ለእኔ ተዉት!" ብለው ሳቁ። ከዚያ በአገውኛቸው፣ በኽምጣና፣ አንድ ነገር ለራሳቸው አጉተመተሙና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። በማግስቱ የተቆላ ገብስ ይዘው መጡ። እናቴ በሶ አስፈጨች። ዳቦ ቆሎ ተጠበሰ።

እኔ እንግዲህ በዚህ ነው ያመንኩት። እስከዚያ ድረስ ጨዋታ መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን በሶ ለጨዋታ አይፈጭም። በእኛ ቤት በሶ ከተፈጨ የሚሄድ ሰው አለ ማለት ነው፤ ይህ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነገር ነው። ስለዚህ ቀሚሴን አጠብኩ። ለማበጠሪያዬና ለቀሚሴ የሚሆን ባዶ የስኳር ከረጢት ለምኜ አገኘሁ። ቅዳሜን መጠበቅ ያዝኩ።

ቅዳሜ ሳይደርስ የገበያ ቀን መጣ። ጠዋት ትምህርት ቤት ልሄድ ስል ሰዒድ ከጨው ጀርባ ብቅ ብሎ "መስኮቱ ያንቺ ነው፣ አልወስድብሽም" አለኝ። እኔም ጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ "እናያለን" ብዬው ወጣሁ። ስመለስ ጓዳው ተጠርጓል። የጨው ክምሩ ወደ ግድግዳው ተጠግቷል፤ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ የለም። እናቴ ሊጥ ታቦካ ነበር።

"ሰዒድስ?" አልኳት።

"ሰዒድ ደሴ አይደለም እንዴ፣ አጎቱ ጋ" አለችኝ፤ እጇን ከሊጡ አላወጣችም።

ለውጭ ሰው የምንለውን ለእኔ አለችኝ። እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ ማለት እንዳለብኝ ወዲያው ገባኝ። ኋላ እንደሰማሁት የአባቴን አሮጌ ጋቢ ተከናንቦ፣ ዱላ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጨው ሊያመጡ ከሚወርዱት ሰዎች ጋር አህያ እየነዳ በገበያተኛው መሐል አልፎ ወጥቷል። በአበርገሌ በኩል አባቴን የሚያውቅ ሰው ቤት ያድራል፤ ከዚያ ተከዜን ይሻገራል። በአገራችን መንገደኛ ሳይሸኝና ሳይመረቅ አይሄድም። እሱን ግን ማንም ሊሸኘው አልቻለም፤ አባቴ እንኳ የዚያን ቀን ሱቃቸውን ከፍተው ሲሸጡ ነው የዋሉት።

ቅዳሜ ቀሚሴን ለብሼ፣ ከረጢቴን ይዤ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ሰዒድ መሄዱን አውቄያለሁ። እናቴ አየችኝና ወደ ጓዳ ተመለሰች። ፀሐይዋ ከአንዱ ጉልበቴ ወደ ሌላው ዞረች። ልቅሶ አልመጣልኝም። ቢመጣም አይቻልም ነበር፤ ልጃቸው ደሴ አጎቱ ጋ የተቀመጠላቸው ሰዎች ቤት ምን ብሎ ይለቀሳል? አባቴ ማታ ገብተው ሰገዱ፣ እራታቸውን በሉ፣ ተኙ። የእኛ ቤት ሰው እንዲህ ልቅሶ የማያወጣ ሆኖ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌ ሰዎች መጡ። ጓዳውን በረበሩ፣ ጨውን በዱላ ወጉ። አንደኛው ቁጢጥ ብሎ ፊቴን እያየ "ወንድምሽ የት ነው ያለው?" አለኝ። "ደሴ" አልኩት። ድምፄ ልክ እንደ እናቴ ነበር። ሰውየው ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። ሊወጡ ሲሉ እናቴ "ለሻይ ትሁናችሁ" ብላ ስኳር ሰፈረችላቸውና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አነሳች። ኦርቪየቶ ነበረች። ተራራዋን፣ ግንቧን፣ ከግርጌዋ የሚያልፈውን ባቡር በስኳሩ ላይ አጠፈችና፣ ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዛ ሰጠቻቸው። ቆሜ አየሁ። ምንም አልተሰማኝም፤ ስኳሩ እንዳይፈስ ብቻ ነው ያሰብኩት።

ደርግ ወድቆ የተበተነው ሁሉ ወደየቤቱ ሲመለስ ሰዒድ አልተመለሰም። አንዱ ተከዜን ሲሻገር አይቼዋለሁ አለ። ሌላው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሻይ ቤት ይሠራል አለ። መርዶ ግን አልመጣም። በእኛ አገር መርዶ ያልተነገረለት ሰው አይለቀስለትም፤ አባቴም ሰደቃ ይውጣለት ያሏቸውን ሁሉ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ሰደቃ የለም እያሉ መለሷቸው። ዓመታት እንዲህ አለፉ። እኔ አገባሁ፣ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ። ስለ ሰዒድ የጠየቀኝ ሰው ካለ አጠር አድርጌ "ውጭ አገር ነው" እላለሁ። ስለለመድኩት አፌ ላይ አይከብደኝም።

አባቴ የሞቱ ጊዜ ነው እናቴ የነገረችኝ። ለቀስተኛው ቀለል ያለ ቀን ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ቀረን። "አባትሽ ነጋዴ ነበሩ" አለችኝ። "አንድ አህያ ለሚያስነሳ ሰው እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስትመለስ ምን ጭነህ ትመጣለህ ብለው ነው። የዚያን ጊዜ ከእናንተ ጋር ተቀምጠው ስለ ውሃው ጠየቁ፣ ስለ ማደሪያው ጠየቁ። ስለ መመለሻው አልጠየቁም። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ስሰማ ነበር፤ ልጄ እንደማይመለስ ያኔ ገባኝ።" ይህን ስትል ድምፅዋ ከፍ ዝቅ አላለም። እኔም ራሴን ነቀነቅኩላት። እውነትም እኔና ሰዒድ ስንት ነገር ስንሰርዝና ስንደልዝ ከርመን፣ እሁድ ማታ እንዴት ወደ ቤታችን እንደምንገባ አላሰብንም ነበር።

ባለፈው ዓመት ጣሊያን አገር የምትማረውን ልጄን ልጠይቃት ሄድኩ። በገባሁ በሳምንቱ ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ቅዳሜና እሁድ አንዳንድ የተራራ ላይ ከተሞችን በባቡር ላሳይሽ ብላ ስልኳን አወጣች። እኛ አንድ በጋ የፈጀብንን እሷ ሻዩ እስኪፈላ ጨረሰችው። ማደሪያው ማን ቤት እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ በሶ የፈጨ የለም። በሷ ዘመን ሰው የሚሄደው ስለፈለገ ነው፤ ደስ ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቢያንስ ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቅ ነበር።

"እማ፣ እሁድ ስንት ሰዓት ብንመለስ ይሻልሻል?" አለችኝ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። "መመለሻውን አሁኑኑ ልቁረጠው።"

መልስ ልሰጣት አፌን ከፈትኩ። እንባዬ ነው የወጣው፤ እንደ ትንሽ ልጅ። ልጄ ደንግጣ ተነሳች። "ምን ሆንሽ እማ? አመመሽ?"

"ወንድሜ ነው" አልኳት።

"የምን ወንድም?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።